የሰርቨሩ ወጌሻ

ሰውዬው የዲላን ሙቀት ንቆ የቆዳ ጃኬት ይለብሳል። ራሱ የጫነው፣ የገበሬዎቹን ክፍያ የሚመዘግበው የቡና ዩኒየኑ ጃቫ ሰርቨር በቆመ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚጠራው እሱ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ በዓል ሲቃረብ መቆም ይወዳል።

መዝጋቢዋ ረህማ ገና ከበሩ ሲገባ ደሟ ይፈላል። ውጭ ከኮንጋና ከወርቃ የመጡ ገበሬዎች ፀሐይ ላይ ተሰልፈው፣ እሱ መጀመሪያ ማኪያቶ ያዛል። ከዚያ ፓስወርዱን በመዳፉ ከልሎ፣ እንደ ጠንቋይ እያጉረመረመ ይጽፋል። አጥፍቶ ያስነሳዋል። ወጌሻነቱ ይኼው ነው።

«ለእኛም ያሳዩን፣ ኢንጂነር፤ እርስዎም አይንገላቱ» አለችው በገና ዋዜማ።

«ይሄ እኮ ጃቫ ነው እህቴ! እንደ ሬዲዮ ጀርባውን መትተሽ የምታስነሺው መሰለሽ?» ብሎ ሳቀባት።

ሥራው ሲያልቅ ግን ምሳ ቢጋብዙትም እሺ አይልም። ከላፕቶፑ ቦርሳ በፌስታል የተጠቀለለ የልጅ ጫማ ያወጣል፤ አቧራ ሳይኖርበት በእጅጌው ይጠርገዋል። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ጫማው መዳፍ አይሞላም ነበር፤ አሁን የተማሪ ሆኗል። ስለ ልጅ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

«ለፋሲካ ሰሞን መቆሙ አይቀርም፤ ያኔ ደውሉልኝ» አለ ሲወጣ።

«እንዴ፣ ዛሬ ጠገኑት አይደል?»

ፌስታሉን አቅፎ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ረህማ በመስኮቱ አየችው። ያን ሁሉ ገበሬ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ጉረኛ፤ «ልጄን ለማየት ነው የመጣሁት» ለማለት ማሽን ማሳመም የሚያስፈልገው ፈሪ!