አሜሪካዊቷ ደራሲና የእኔ ይሉኝታ

ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሦስት ዓመት ቤታቸው እየሄድኩ የተንከባከብኳቸው አሮጊት አሜሪካዊት ደራሲ ነበሩ። በወጣትነታቸው ባላቸው ጦርነት አልዘምትም ብሎ ወደ ቶሮንቶ ሲሸሽ አብረውት መጡ፤ እሱ ሞተ፣ እሳቸው ቀሩ። በዕድሜያቸው ሙሉ የጻፉት አጭር ልቦለድ ብቻ ነው። አሳታሚዎች ረጅም እንዲጽፉ ሲጨቀጭቋቸው እምቢ አሉ፤ ግትር ነበሩ። አምስቱ ቀጫጭን መጻሕፍታቸው ዛሬ ገበያ ላይ የሉም። ከእኔ ሌላ በራቸውን የሚያንኳኳው መድኃኒት የሚያመጣው ሰውዬ ብቻ ነበር።

እኔንም ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የሥራ ሰዓቴ ካለቀ በኋላ እየቆየሁ፣ የጻፉትን ሲያነቡልኝ አዳምጥ ነበር። ከሳምንቱ ውስጥ የምወደው ያንን ሰዓት ነው።

የመጨረሻው ታሪካቸው የበረዶውን ወራት በሙሉ ፈጀባቸው። ስለ ሁለት እህትማማቾች ነው። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና እውነቱን እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ጽሑፉን ድሮ ያሳትምላቸው ለነበረ መጽሔት ሊልኩት ነው። ታላቅየዋ ከተቀበረች በኋላ ያሉት አራት ገጾች ትርፍ እንደሆኑ ገብቶኛል። ግን የእናቴ ታላቅ የሚሆኑ ሴትዮን፣ ያውም ደራሲ፣ እኔ ማን ነኝና "ይሄ አልሆነም" የምላቸው? አፌ እምቢ አለኝ። በጣም ቆንጆ ነው አልኳቸው። እሳቸውም እኔን አምነው ላኩት።

ጽሑፉ በሁለት ወሩ ተመለሰ። መጨረሻው መንዛዛቱን አንድ የማያውቃቸው ልጅ እግር አዘጋጅ በሁለት መስመር ጽፎላቸዋል። ደብዳቤውን ሰጡኝ፤ አነበብኩት። ይህን ቀድሜ አውቄ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደገና መዋሸቱ አሳፈረኝና አዎ አልኩ። በአገሬ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት እንደማይታረም፣ እውነቱን የደበቅኩት አክብሬያቸው እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ።

ደብዳቤውን ከእጄ መልሰው ወሰዱ። ከዚያ "ያከበሩኝ ሰዎች ብዙ ነበሩ" አሉኝ። "የምታዳምጠኝ ግን አንቺ ብቻ መስለሽኝ ነበር።"

ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ይቅር አሉኝ። ከዚያም እስኪሞቱ ድረስ በትሕትና አነጋገሩኝ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም። ሌላ ታሪክ ግን አላነበቡልኝም።