ሰርቨሩ የሻረኝ ቀን

ትናንት ጠዋት ደባርቅ ሱቄ ውስጥ ድንኳን እያጠፍኩ ስልኬ ጮኸ... አያ ፈንቴ ናቸው። ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች እኔ ድንኳን አከራያለሁ፤ እሳቸው ዕቃውን በበቅሎ ይጭናሉ።

«መልእክትህ ደርሶኛል። ነገ በስምንት ሰዓት ጫን ይላል። በስምንት ተነስተን ሳንካበር ካምፕ በባትሪ ብርሃን ልንገባ ነው?»

«በሁለት ሰዓት ነው አያ፤ ጠዋት።»

«ጽሑፉ ስምንት ይላል፤ አንተ ሁለት ትላለህ። ማንኛችሁን ልስማ?»

«እኔን ይስሙ እንጂ።»

«የአፍ ወሬ አይስሙ፣ የተጻፈውን ብቻ ያለኝ ማን ነበር?»

እኔ ነበርኩ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ለበቅሎ ጫኞች የሚጽፈው ዌብሳይቴ ነው፤ የፈረንጁን ስምንት ሰዓት እንዳለ ልኮላቸዋል። እንዲህ ከቀረ ስድስት እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ግማሽ ቀን ሊቆሙብኝ ነው።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። የዌብሳይቱ ማስተካከያዎች ያሉበትን ፋይል አውቀዋለሁ፤ «የጫኞች ሰዓት» የሚለው ላይ የኛን አቆጣጠር ጽፌ ሴቭ አደረግሁና መልእክቱን ደግሜ ላክሁ።

«ይኸው ደግሞ ስምንት» አሉኝ አያ ፈንቴ።

አጥፍቼ አበራሁት። ላክሁ።

«ሦስተኛው ስምንት ነው። ተው፣ ስልኬን አትሙላብኝ።»

ዌብሳይቱን የሠራችልኝ ሰናይት የምትኖረው ዳባት ከተማ ነው። ደወልኩላት።

«ዌብሳይቱ የተሠራበት ፍሬምወርክ ሰዓቱን ለማወቅ ሦስት ቦታ ነው የሚያየው ጋሼ» አለችኝ። «መጀመሪያ ከራሱ ጋር የመጣ አለ። ፋይሉ ላይ ከጻፍክ ያንተ ያንን ይሽረዋል። ዌብሳይቱ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ የተጻፈ ካለ ደግሞ የሰርቨሩ ያንተን ይሽረዋል።»

«ሰርቨሩ ላይ ማን ጻፈብኝ?»

ሳቀች። «የዕለት ማስታወሻ ትይዝ የለም? እስኪ ሥራውን የጀመርንበትን ሳምንት እየው።»

ደብተሬን ገለጥኩ... በገዛ እጄ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሰዓቱ ለሁሉም በፈረንጅ ይላክ። ማንም እንዳይነካካው ሰርቨሩ ላይ አስቆለፍኩት።»

ማንም ስል ራሴንም መጨመሬን አላወቅሁም ነበር።

ሰናይት ያቺን መስመር ከሰርቨሩ አጠፋቻት። እንደገና ላክሁ።

«አሁን ሁለት ይላል» አሉ አያ ፈንቴ። ከዚያ «እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሱቄን ልከፍት ስሄድ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አራቱ በቅሎዎች ከኋላቸው።

«አያ፣ ገና አንድ ሰዓት እኮ ነው።»

«አንዴ ስምንት፣ አንዴ ሁለት... ሌላ ሳትጨምሩበት ልምጣ ብዬ ነው። በል ዕቃውን አውጣ።»

እንግዶቹ ልክ በሁለት ሰዓት ተነሱ። ሰናይት ማን ማንን እንደሚሽር ስትዘረዝርልኝ አያ ፈንቴን ረስታቸዋለች።