የካርድ ክፍሉ መስኮት

ጉዲሳ ጎባ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል። የበሽተኛውን ካርድ ከመደርደሪያ ያወጣና በመስኮቱ ብቅ ብሎ ስም ይጠራል፤ እስከ አያት። «ቢፍቱ ቀነዓ ዳቢሴ! ቁጥር ሁለት ግቢ!» ሲል ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። ካርድ ቁጥሩን የረሳ ሰው ቢመጣ እንኳ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ጠይቆ ያገኝለት ነበር።

ከዚያ ግላኮማ መጣ። መጀመሪያ የሚያየው ነገር ዳር ዳሩ ጠፋ፣ በኋላ መሃሉም። ሥራ ትቶ ጎረቤት ከተማ ሮቤ ያለው ቤቱ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሆነው።

ጠዋት ጠዋት የሚኒባስ ረዳቶች «ጎባ! ጎባ!» ሲሉ ይሰማል። አንዳንድ ቀን ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ መኪናው ሞልቶ እስኪሄድ በሩ ላይ ይቆማል። ሚስቱ እስከዳር ታየዋለች።

ክሊኒኩ ካርድ መፈለጊያውን ወደ ኮምፒውተር ሲያዞር ፕሮግራሙን የሠራችው የጎረቤታቸው ልጅ ፌበን ናት። ሥዕል የለውም፣ ማውስ አይፈልግም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው። «ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ለእርስዎ ይቀላል፣ ጋሼ» አለችው፤ ኪቦርዱን አለማመደችው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራምም ጫነችለት። ከዚያ ወደ ሥራው እንዲመለስ የክሊኒኩን ኃላፊ ወይዘሮ ማናልበሽን ለመነችለት።

«ሐሙስ ጠዋት ይሞክር» አለች ማናልበሽ። «ከሠራ ወንበሩ የሱ ነው። ካልሠራ ግን በሽተኛ ሰልፍ ላይ አቁሜ ሠራተኛ አላለማምድም።»

ማክሰኞ ቤቱ ተቀምጠው ሞከሩት። ጉዲሳ «ቢፍቱ» ብሎ ጻፈ። የኮምፒውተሩ ድምፅ «መስመር፣ መስመር፣ መስመር፣ መስመር» እያለ ቀጠለ። ፌበን ለማሳመር ያሰመረችውን ሣጥን ነበር የሚያነበው። ቢፍቱ የሚባሉ ሦስት በሽተኞችን ጎን ለጎን ደርድራለች፤ ድምፁ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብ ሦስቱን ስም፣ ቀጥሎ ሦስቱን አባት፣ ቀጥሎ ሦስቱን አያት ጠራ።

«አንቺ ልጅ፣ የሰውን አባት ለሰው እያደልሽ ነው» አለ ጉዲሳ።

«ይስተካከላል ጋሼ።»

«ካርዷ መደርደሪያ ላይ ያለችውስ የትኛዋ ናት?»

«አረንጓዴዋ» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«አረንጓዴ» አለ ጉዲሳ ቀስ ብሎ። «በሐምሌ የዲንሾ ገብስ… እሱ አሁንም ትዝ ይለኛል።»

ፌበን «ቀለሙን በቃል እጽፈዋለሁ፣ ሣጥኑንም አወጣዋለሁ። የቱን አስቀድሜ ላስነብብልዎት?» አለችው። ጉዲሳ መስኮቱ ጋ እንዳለ ሁሉ ብድግ አለ። «ቢፍቱ ቀነዓ ዳቢሴ፤ ካርድ አለ፤ መደርደሪያ አራት። እንዲህ ነው የምጠራው። ለአንድ ሰው አንድ መስመር፣ ከዚያ ዝም ይበል።»

ፌበን ረቡዕን ሙሉ ስክሪኑን አጥፍታ በጆሮዋ ብቻ ስትሞክረው ዋለች። ሁለቴ የት እንዳለች ጠፋት፤ ሁለቴም እንደገና ጻፈችው።

ሐሙስ ጉዲሳ በሩ ላይ አልቆመም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። ካርድ ክፍሉ የድሮ ወረቀት ይሸታል። ወንበሩን በእጁ ዳስሶ አገኘው። መደርደሪያው ጋ አሁን ወዚር የሚባል ሠራተኛ አለ፤ ማናልበሽ ከኋላ ቆማለች።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ጉዲሳ! ጠፉ እኮ!» ብላ አንዲት ሴት በመስኮቱ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠችው። ድምፅዋን አወቀው፤ ሰቢሪና ናት፣ ለስኳሯ ከዲንሾ የምትመላለሰው። ስሟን ጻፈ። ድምፁ በጆሮ ማዳመጫው «ሰቢሪና ገዳ ጎበና፤ ካርድ ወጥቷል፤ ላቦራቶሪ» አለና ዝም አለ።

«ወዚር፣ መደርደሪያው ጋ አትድከም። ላቦራቶሪ ነው» አለ ጉዲሳ።

ወዚር ሄዶ አመጣው። ማናልበሽ «ነገም ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ብላ ወጣች።

ካርዱ አሮጌ ነበር። ጉዲሳ ገልብጦ ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰ። ድሮ እስክሪብቶ ጠንክሮ እየተጫነ ይጽፍ ስለነበር ፊደሎቹ ጀርባው ላይ አብጠዋል። የራሱ ጽሑፍ እንደሆነ አወቀ፤ ምን እንደሚል ግን ጣቱ አልነገረውም። ሰልፉ እስኪያጉረመርም ድረስ አልለቀቀውም።

«ሰቢሪና ገዳ ጎበና! ቁጥር ሁለት!»

ስታልፍ ፊቷን ሊያይ እንደ ድሮው በመስኮቱ ብቅ አለ። የጫማዋን ድምፅ፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ፣ ሰማ።

«ቀጣይ» አለ።