ቦራ ልጓም የጎረሰው ለማን ነው

ዛሬ ጠዋት ፈረሴ ቦራ ለእኔ የከለከለውን አፉን ለጎረቤት ሴት ከፈተላት።

ሁምቦ ወረዳ ጓደኛዬ ሞቶ ለቅሶ ነበረብኝ። በእኛ ወግ ትልቅ ሰው ለቅሶ የሚደርሰው በፈረስ ነው። ልጄ ግን "አባዬ፣ ባጃጅ ልጥራልህ። ይሄ ፈረስ እማዬ ከሞተች ወዲህ ልጓም ጎርሶ አያውቅም። ሽጠውና እረፍ" አለኝ።

"እኔ ነኝ ያሰለጠንኩት፣ ዝም በል!" አልኩት። ባጃጅ ውስጥ ተጣጥፎ መሄድ ለገበያ ዶሮ ነው እንጂ ለእኔ አይሆንም።

ልጓሙን ሳቀርብለት ቦራ ጥርሱን ገጥሞ አንገቱን ሰቀለ። በጨው አባበልኩት፣ ተቆጣሁት፣ ወይ ፍንክች!

እርግጥ ያሰለጠንኩት እኔ ነኝ። ግን ልጓም ሳጎርሰው ሁልጊዜ ጭንቅላቱን አቅፋ የምትይዝልኝ ሚስቴ ነበረች።

ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤታችን አስቴር መጣች። ቦራ እኔን ከነገመዱ እየጎተተ ሄደና ፊቱን ደረቷ ላይ ቀበረ። አፉንም ከፈተ።

"ውይ አባባ፣ ፈረስዎ ሴት ይወዳል እንዴ!" ብላ ሳቀች።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የለበሰችው የሚስቴን ሹራብ ነው። ሽታዋ ገና አልለቀቀውም መሰለኝ። ከቀብሩ በኋላ ልብሷን ለጎረቤት ያደልኩት ራሴ ነኝ፤ መልሺልኝ አይባል ነገር።

ሁምቦ በፈረሴ ደረስኩ። እዚያ አምርሬ ሳለቅስ ሰው ሁሉ ለጓደኛዬ መሰለው።

እናንተስ፣ ከብታችሁ የሞተ ሰው ሲፈልግ አይታችኋል? ጻፉልኝ። ፊደል ቢያስቸግረኝም ቀስ ብዬ አነባለሁ።