ጎኑ የጎደጎደው የአበባ ማስቀመጫ

ሞጣ ያለው ቤቴ መስኮት ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጎኑ የጎደጎደ ክብ የሸክላ የአበባ ማስቀመጫ አለ። አበባ ገብቶበት አያውቅም። እርሳስ፣ የተበላሸ ቻርጀርና የቤቱን ትርፍ ቁልፍ ነው የማስቀምጥበት። አቧራውን ልጠርግ ባነሣሁት ቁጥር ጣቶቼ ሳላዛቸው ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ጎድጓዳ ምልክቶች ፈልገው ይገባሉ። የእኔ ጣቶች ምልክት አይደሉም፤ ትንሽ ይሰፉኛል። ያን ጊዜ ምላሴ ላይ ጭቃ ጭቃ የሚል ነገር ይመጣብኛል፤ ቀዝቃዛ፣ ጥርስ መሐል ሲገባ የሚንኮሻኮሽ። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ የሚጣፍጥ ነገር ያነሣል፤ የእኔ አፈር ሆኖ ቀረ፤ ምን ላድርግ።

ተርቤ አፈር የበላሁ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ቢቸና ከተማ ዳር ሸክላ ትሠራ ነበር። አፈሩን ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በውኃ ለውሳ በእርጥብ ጆንያ ትሸፍነዋለች። ለሥራ መድረሱን የምታውቀው በምላሷ ነው። በጥፍሯ ቆንጠር አድርጋ ታነሣና ምላሷ ጫፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ከፊት ጥርሷ ጋር አሸት ታደርገዋለች፤ ራሷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ወይ «ደርሷል» ትላለች፣ ወይ «አላረፈም» ትላለች። አላረፈም ከተባለ ያ ጭቃ ሌላ ሦስት ቀን ተሸፍኖ ይተኛል። እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ እንደሷ እቆነጥራለሁ፣ እንደሷ ራሴን ዘንበል አደርጋለሁ። መራመድና ጭቃ መቅመስ አንድ ላይ የጀመርሁ ይመስለኛል።

የእናቴን እንስራ የማይፈልግ ቤት በአካባቢው አልነበረም። እናቴን የሚፈልግ ቤት ግን ጥቂት ነበር። የሸክላ ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል ይባላላ። በገበያ ቀን ሴቶቹ እንስራውን በጣታቸው አንኳኩተው፣ ድምፁን ሰምተው፣ ተከራክረው ይገዙታል፤ ያዘሉትን ሕፃን ፊት ግን በነጠላቸው ሸፈን ያደርጋሉ። እናቴ ይህን ሁሉ እያየች እንዳላየች ታልፍ ነበር። ከቤት ስትወጣ የራሷን ጣሳ ይዛ ነው የምትወጣው፤ ውኃ ቢጠማት በየትኛው ዕቃ እንስጣት ብለው እንዳይጨነቁ። ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ የቆርቆሮ ጣሳ ነበር። የአገሩን ማድጋና እንስራ የምትሠራ ሴት በቆርቆሮ መጠጣቷ እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አያስቀኝም።

አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ሞጣ ላከችኝ፤ ቴክኒክና ሙያ፣ ልብስ ስፌት። እዚያው ቢቸና ልማር ብዬ አልቅሼ ነበር። «ሞጣ ማንም አያውቅሽ» አለችኝ ሻንጣዬን እያሰረች። «የማን ልጅ ነሽ ቢሉሽ የገበሬ ልጅ ነኝ በይ፤ አባትሽም ቢሆን ነፍሱን ይማረውና ሲያርስ ነው የኖረ። የኔን ሥራ አታንሽ።» እሺ አልሁ። እንደ ልብስና እንደ ስንቅ ይህንንም ቋጥራ ሰጠችኝ።

ሞጣ ላይ አብራኝ ቤት የተከራየችው ልጅ የደብረ ወርቅ ቄስ ልጅ ነበረች። ሳቂታ፣ እንቅልፋም፣ ያላትን የማትሰስት። በአንድ ትሪ እንበላለን፣ አንድ ብርድ ልብስ እንለብሳለን። እናትሽ ምን ትሠራለች ብላ ስትጠይቀኝ ቅመም ትነግዳለች አልኋት። ውሸት ወጪ እንዳለው ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ቢቸና ደርሼ በተመለስሁ ቁጥር ከገበያ ኮረሪማ ገዝቼ «እናቴ ላከችልሽ» ማለት ግድ ሆነብኝ። ልጅቱም ለማታውቃት ቅመም ነጋዴ ስትመርቅ ትውል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ፕሮጀክት ለኮሌጁ አራት የሸክላ መሥሪያ መዘውሮች ሰጠ። ከታች በእግር የሚገፋ ከባድ ጎማ፣ ከላይ ጭቃው የሚቀመጥበት የሚሽከረከር ገበታ። ሸክላ እማራለሁ ብሎ የሚመዘገብ ሰው ስለጠፋ እኛን ስፌተኞቹን መደቡን። ጭቃ ሸሽቼ ሞጣ ድረስ ብሄድ ጭቃው ተከትሎኝ መጣ።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር፤ መነጽሩ ሁልጊዜ ጭቃ የተረጨበት፣ በሰው ዘር ነገር የማይገባ የዋህ ሰው። ክብ የአበባ ማስቀመጫ ሊያስተምረን ሦስት ሳምንት ለፋ። ጭቃውን ገበታው መሐል ትደፊያለሽ፣ በእግርሽ ጎማውን ትገፊያለሽ፣ በሁለት እጅሽ አቅፈሽ መወላገዱን እስኪተው ትይዢዋለሽ፤ ከዚያ በአውራ ጣት ትከፍቺውና ግድግዳውን ወደ ላይ ትስቢዋለሽ። ግድግዳው በተነሣ ቁጥር ግን ይሰነጠቃል። ከወንዙ ዳር ያስመጣው አፈር ደረቅ ነበር። እኔ ገና ጆንያው ሲፈታ ከሽታው አውቄዋለሁ፤ አፌን ግን ዘጋሁ።

አንድ ዓርብ ደስ ብሎት መጣ። «ቢቸና ገበያ ላይ እንደ ደወል የሚጮህ እንስራ አገኘሁ። የሠራችውን ሴትዮ ሰኞ ከነአፈሯ አመጣላችኋለሁ» አለን። ቢቸና ውስጥ ሸክላ የሚሠሩ ሌሎችም ነበሩ፤ እንደ ደወል የሚጮኸው ግን የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሰኞ አሞኛል ብዬ ልቀር አስቤ ነበር። ግን ናፍቃኝ ነበር፤ ይህን መዋሸት አልችልም። ከመስቀል ወዲህ አላየኋትም። ፈራሁም፣ ቸኮልሁም፤ ከሁሉም ቀድሜ ክፍል ገባሁ።

የኮሌጁ ፒክአፕ ግቢ ውስጥ ሲቆም ሰማሁ። መጀመሪያ የእርጥብ ጆንያው ሽታ ገባ፤ የቤታችን ሽታ። ከዚያ እሷ በሩ ላይ ቆመች፤ የጧት ፀሐይ ከኋላዋ፣ ጣሳዋ በመቀነቷ ተንጠልጥሎ። «እንዴት አደራችሁ ልጆቸ» አለች። ዓይኗ ሁላችንንም አንድ በአንድ ዞረና እኔ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ አለፈ። እንደ ወንበር፣ እንደ መስኮት አለፈኝ። ልጀ ብላ ታቅፈኛለች ብዬ ስፈራ ያደርሁት እኔ፣ ሳታቅፈኝ ስትቀር ከፋኝ።

የደብረ ወርቋ ልጅ ጆሮዬ ሥር «ዓይኗን አትይው» አለችኝና የነጠላዋን ጫፍ ፊቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ከእናቴ ልትከልለኝ። ከልቧ አስባልኝ ነው። እኔም ነጠላውን አላነሣሁትም።

እናቴ መዘውሩን ሁለት ጊዜ ዞረችው። እሷ እንስራ ስትሠራ የሚዞረው እንስራው አይደለም፤ እሷ ናት በዙሪያው የምትዞረው። «ይኸ ቁጭ ብላችሁ ይዞርላችኋል?» አለች አሠልጣኙን። «እኔስ ስዞረው ነው ዕድሜየ ያለቀ።»

«ይሞክሩት እማማ።»

«ተወኝ፣ ያዞረኛል። ምን ልትሠሩበት ነው?»

«የአበባ ማስቀመጫ። አበባ ይቆረጥና ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለቤት ማሳመሪያ።»

«ከደረቀስ?»

«ይጣላል።»

እናቴ ለአበባው ያዘነች መሰለች። «ይሁን» አለች። «ዕቃው ግን ቅርጹ ያምራል።»

ምሳ ሰዓት ላይ አንዷ ልጅ ከበርሜሉ ውኃ ቀድታ፣ እጇን ዘርግታ፣ ራቅ ብላ ሰጠቻት። እናቴ ጣሳዋን ከመቀነቷ ፈታች። «አትቸገሪ ልጀ፣ ይዣለሁ» አለቻት። ልጅቱ ውኃውን ከላይ አንቆርቁራ ጣሳው ውስጥ ገለበጠችላት። እናቴ አመስግና ጠጣች፤ ስትጨርስ ጣሳውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ከምሳ በኋላ እሷ ባመጣችው ጭቃ ተራ በተራ ሞከርን። የእኔ ተራ ሲደርስ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ጭቃው እጄ ውስጥ ገና ሲገባ አወቀኝ። መሐሉን ያዘ፣ ተከፈተ፣ ግድግዳው ሳይሰነጠቅ ተነሣ። ሆዱን ላሰፋ ስል ግን አብዝቼ ተጫንሁት፤ ትንፋሿ አንገቴ ላይ ነበር።

«ቀስ ይበሉ» አለችኝ። «አይጫኑት። ሆዱ ራሱ ይስፋ።»

ልጆቹ ሳቁ። አሮጊት ሴት አንዲትን ተማሪ አንቱ ማለቷ ነው ያሳቃቸው። እኔን የወለደችኝ፣ ያዘለችኝ፣ ስንቴ በኩርኩም ያለችኝ ሴት፣ ባዕድ ለመምሰል አንቱ አለችኝ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ጭቃው ብዥ አለብኝ፤ በእጄ ብቻ ጨረስሁት። ክብ ሆኖ ቆመ። የክፍሉ የመጀመሪያው ያልተሰነጠቀ ማስቀመጫ ነበር። አሠልጣኙ አጨበጨበ። እናቴ «እጅዎ ይባረክ» አለችኝ፣ በዚያው በባዕድ ድምፅ።

አሠልጣኙ ሁለተኛውን ጆንያ ፈትቶ መሐላችን አስቀመጠው። «ይኼኛውስ ደርሷል?» አለ። ማንን እንደጠየቀ አላውቅም። እጄ ቀደመኝ። በጥፍሬ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግሁት፣ ከጥርሴ ጋር አሸሁት፣ ራሴን ወደ ግራ ዘንበል አደረግሁ። ዓይኔን ስገልጥ እናቴ ከፊት ለፊቴ ራሷ ወደ ግራ ዘንብሎ ቆማለች። «አላረፈም» አልን፤ ሁለታችንም፣ በአንድ አፍ።

ሁሉም ሥራውን አቆመ። የእኔ መዘውር ብቻ ባዶውን ይዞራል። የደብረ ወርቋ ልጅ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቴን ታያለች። ፊታችን እንደሚመሳሰል ያየችው ያኔ ይመስለኛል።

እናቴ ቀደመች። «እኔን አይተው ነው» አለች እየሳቀች። «ጧት ስቀምስ አይተውኝ ነው። ጎበዝ ናቸው፣ ቶሎ ይይዛሉ።» ጧት አልቀመሰችም ነበር። ልጆቹ ግን ተነፈሱ፣ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በዕድሜዬ ብዙ የማፍርበት ነገር አለ፤ እንደዚያች ሳቅ ግን የለም።

ልትሄድ ተሰናበተች፤ ለሁሉም እጅ ነሣች፣ ለእኔም እንደ ሁሉም። ከወጣች በኋላ ነው ጣሳው መስኮቱ ላይ መቅረቱን ያየነው። የሚነካው ጠፋ። አንዷ መጥረጊያ አንሥታ በእንጨቱ ገፋ ገፋ እያደረገች ወደ ውጭ ልትጥለው ሆነ። ጣሳው ቆርቆሮው እየተንቀጫቀጨ ወደ መስኮቱ ጠርዝ ተንሸራተተ።

ያን ድምፅ አልቻልሁትም። ተነሥቼ ጣሳውን ያዝሁት። በርሜሉ ጋ ሄጄ ውኃ ቀዳሁበት፤ ሁሉም እያዩኝ ጠጣሁ። ውኃው ቆርቆሮ ቆርቆሮ፣ ከሥር ደግሞ ትንሽ ጭቃ ጭቃ ይላል። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። «የእናቴ ነው» አልሁና ወጣሁ።

መኪናው በር ላይ ደረስሁባት። «እማ፣ ጣሳሽን ረሳሽ።»

ደነገጠች፤ ዙሪያዋን አየች። «ማን አምጭልኝ አለሽ? ሰው አየሽ?»

«ሁሉም አዩኝ። ጠጣሁበት።»

ጣሳውን ከእጄ ቀማችኝ። ከዚያ ትከሻዬን በጡጫ መታችኝ፤ አላመመኝም። «አንች ደንቆሮ» አለች። «ሁለት ዓመት የደበቅሁሽን በአንድ ጣሳ ውኃ?» ከንፈሬ ላይ የቀረውን ጭቃ በአውራ ጣቷ ጠረገችው፤ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው፣ ጫን አድርጋ። «በይ ያችን ክብ ዕቃሽን አምጫት» አለችኝ። «የዚህ አስተማሪሽ ምድጃ ሸክላ አይተኩስም፤ ትፈነዳብሻለች። እኔ እተኩሳታለሁ።»

ገና እርጥብ የሆነችውን ማስቀመጫ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ጉንደ ወይን ላይ መንገዱ መኪናውን ሲያዘልለው እንዳትወድቅባት ጨበጥ ብታደርጋት አራት ጣቶቿ ሸክላዋ ጎን ውስጥ ገቡ። ኋላ ስትሰጠኝ ይቅርታ የምትጠይቅ መስላ ነበር። «ላቃናት ብየ እንዳትሰበር ፈራሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ብታቃናት ኖሮ እቀየማት ነበር።

የደብረ ወርቋ ልጅ ሁለት ቀን ጾም ላይ ነኝ አለችኝ። የምን ጾም ብዬ አልጠየቅኋትም። ሦስተኛው ቀን ትሪውን ራሷ አቅርባ መሐላችን አስቀመጠችው። «እና ያን ሁሉ ኮረሪማ ማን ነው የላከልኝ?» አለችኝ።

«እኔ።»

«የማታፍር» አለችና መብላት ጀመረች። እጇ መጀመሪያ ትንሽ ፈራ ተባ አለ፤ አየሁት፤ እንዳየሁትም አየች። ሌሎቹ ሁሉ እንደሷ አልነበሩም፤ እስክንመረቅ ከእኔ ጋር ያልቀመሱ አሉ። እሷ ግን እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ናት።

አሁን እኔ ነኝ በዚያው ክፍል መዘውሩን የማስተምረው። እናቴ ቢቸና ከእህቴ ጋር ናት። ጣቶቿ ደህና ናቸው፤ የጠፋው ሌላ ነው። ባለፈው ወር ከኮሌጁ ጭቃ በላስቲክ ቋጥሬ ወሰድሁላት፣ እጇ ሲነካው ደስ ይላታል ብዬ። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

«ያንች።»

በጨዋነት ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ጭቃውን ሰጠኋት። በጥፍሯ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገችው፤ ራሷ ወደ ግራ ዘነበለ። ጠበቅኋት።

«አላረፈም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ተጠግታ ድምፇን ቀነስ አደረገች። «እንዳትቸኩይ። ካላወቅሽበት ሞጣ ልጅ አለችኝ፣ እሷን ጠይቂያት። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፣ የኔ ልጅ ናት። ለማንም ብትነግሪ አይከፋትም።»

ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንሁትና እጠይቃታለሁ አልኋት።