ልዝጋባት ወይስ ልልቀቃት

አሶሳ በተመደብኩበት ዓመት ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ቢሯችን ኃላፊ ነበረው፣ ወንበር ግን ገና በመንገድ ላይ ነው ይባል ነበር። ከመሃል አገር የሚመጣው ሠራተኛ ሙቀቱን ያይና ዝውውር ይጠይቃል። እኔም ዛሬ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። ከሥራ መልስ ክፍሌ እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ውስጥ መቀመጥ ያቅተኛል።

የተከራየኋት ክፍል ግድግዳዋ ቀርከሃ፣ ክዳኗ ሣር ነበር። አከራዬ ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ የበርታ ሴት ናቸው። የገባሁ ሰሞን ጫማዬ ላይ እባብ ተጠቅልሎ አገኘሁና ሰፈሩን በጩኸት አቀለጥኩት። እሳቸው መጥተው በዱላ ገደሉልኝ፤ ሄዱና አንዲት ትንሽ ድመት በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። “ይሄ ይጠብቅሃል” አሉኝ። በእሳቸው አማርኛ ድመቷም እኔም ወንድ ነን።

እውነቱን ለመናገር ድመት ወዳጅ አልነበርኩም። ግን ከማንም ጋር ሳላወራ የምውልበት ቀን ብዙ ነበርና ሁሉንም የምነግረው ለእሷ ሆነ፤ የአለቃዬን ማለቂያ የሌለው ስብሰባ፣ የውሃውን መጥፋት፣ አልሳካ ያለውን ዝውውሬን። እግሬ ሥር ተኝታ ሆዷ ኩርር ሲል ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ሳላስበው ያቺ ኮሳሳ ነፍሴ ሆነች።

ካደገች በኋላ ጣጣው መጣ። በግድግዳውና በክዳኑ መሃል ባለው ክፍተት ሾልካ ትወጣ ጀመር። ከግቢው ጀርባ ያለው ሣር ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ውሻው አለ፣ ጅቡ አለ፣ ዘንዶም አለ ይባላል። ከቆየችብኝ መቆሚያ መቀመጫ አጣለሁ። ስትመጣ ደግሞ “የት ነበርሽ አንቺ ዘዋሪ!” ብዬ እጮህባታለሁ። ክፍተቱን በጆንያ ደፈንኩት። በሩን ስትቧጥጥ ዋለች፤ አንጀቴ አልችል አለና ከፈትኩላት። በማግስቱ ስታረፍድ መልሼ ደፈንኩት። በመጨረሻ እኛ አገር ለአዲስ ድመት እንደሚደረገው አንገቷ ላይ ገመድ አድርጌ ከአልጋው እግር ጋር አሰርኳት።

አከራዬ በበሩ ብቅ ብለው ሲያዩ ክው አሉ።

“ምን አጠፋ?”

“ምንም አላጠፋችም። እንዳትጠፋብኝ ነው፣ እናቴ።”

“ወላሂ ሐራም ነው! ድመት ያሰረ ሴትዮ እሳት ገብቷል፤ ሼኮች ነግሮናል።”

“ያቺ ሳታበላት ቀርታ ይሆናላ! እኔ ወተት እሰጣታለሁ። ከእኔ ራት የእሷ ይሻላል።”

“ወተት ምን ያደርጋል? ድመት እግር አለው እኮ” አሉኝና ሄዱ።

ገመዱን ፈታሁት፤ ጆንያውን ግን አላነሳሁም። ቢሮ ስሄድ እዘጋባታለሁ፣ ስመለስ እለቃታለሁ፣ ሳይመሽ ለቅሜ አስገባታለሁ። ይኼ ትክክል ነው ብዬ አንድም ቀን ልቤ አላረፈም። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እንኳ ተዘግታ ስትጮህ ይሰማኛል፤ ውጭ ስትሆን ደግሞ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ።

ጥር ገባ። እዚያ አገር ሣሩ ሲደርቅ ጎረቤት ተነጋግሮ አንድ ከሰዓት ይመርጥና ከቤቱ ዳር ጀምሮ ወደ ውጭ ያቃጥለዋል፤ በኋላ ከጫካ የሚመጣው እሳት የሚበላው አጥቶ እንዲቀር ነው። ዋዜማውን አከራዬ መጡና “ነገ እናቃጥላለን። ድመት ልቀቅ። እሱ እሳት ያውቃል” አሉኝ።

ኧረ በስማም! ሣር በሚቃጠልበት ቀን ድመቴን ሣር ውስጥ ልልቀቃት? ከቢሮ አስፈቅጄ ቀረሁ። ጆንያውን አጥብቄ ወተፍኩ፣ በሩን ከውጭ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ከሰዎቹ ጋር ቆምኩ። ያን ቀን የሚያሰጋኝ ነገር የለም ብዬ ነበር።

ወንዶቹ እርጥብ ቅጠል ይዘው ተደረደሩ፤ ሴቶቹ ውሃ አቀረብን። እሳቱ እንደተባለው ወደ ውጭ ሄደ። ዳር ያለው ቀርከሃ እንደ ጥይት እየጮኸ ሲፈነዳ ልጆች ይስቃሉ። ከዚያ ነፋሱ ዞረ። አንድ የተቀጣጠለ ጭራሮ ሽቅብ ሲነሳ ዓይኔ ተከተለው፤ ሄዶ የእኔው ክዳን ላይ አረፈ።

ቁልፉን ሳወጣ ከእጄ ወደቀ። ተንበርክኬ መሬቱን ስዳብስ አከራዬ ገፍትረውኝ አለፉና የቀርከሃውን በር በእግራቸው ገነጠሉት። ድመቷ በእግሮቻቸው መሃል ተፈትልካ ወጣች። አንዴ ዞር ብላ አየችኝ፤ የምትመጣ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ጭሱ ውስጥ ገባች።

ወንዶቹ ክዳኑ ላይ ወጥተው የተያያዘውን ሣር እየነቀሉ ጣሉት፤ ቤቷ ተረፈች። “እንኳን ተረፈልሽ!” ይለኛል ሁሉም። ስለ ቤቱ ማን ጠየቃቸው? ጥቁሩ ሜዳ ላይ እየተጣራሁ ዞርኩ፤ የጫማዬ ሶል ቀለጠ። የተቃጠለ አይጥ ባየሁ ቁጥር እሷ መስላኝ እጎነበሳለሁ። አከራዬ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። “ይመጣል” አሉኝ ብቻ።

ቀናት አልፈው፣ በሩና ክዳኑ ተጠግኖ፣ እኔም ተስፋ ቆርጬ ወተት መግዛት ካቆምኩ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ማንጎው ሥር ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጢሟ ተለብልቧል፣ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የለም። እየጮህኩ ሮጬ አቀፍኳት፤ እሷም ዝም አለችኝ። ተሸክሜያት የክፍሌ በር ላይ ስደርስ ግን ሰውነቷ ግትር አለ፤ ክንዴን ቧጭራኝ ዘላ ወረደች። ጆንያውን አነሳሁ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ወተት ውስጥ አስቀመጥኩ። ደጅ ቆማ አየችውና ሄደች። ከእጄ ትበላለች፣ እጄን ትልሳለች፣ ደፉን ግን አታልፍም።

“ጥጋበኛ! ማን አሳደገሽ?” ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ በሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ወር ምን ያህል ልልቀቃት እያልኩ ስጨነቅ፣ አንድ ቀን እሷ እምቢ ልትለኝ እንደምትችል አስቤው አላውቅም ነበር።

ክረምት መጣ። ያ የአሶሳ ዝናብ ሲወርድ እሷ የክዳኑ ጠርዝ ሥር ኩርምት ብላ ትቀመጣለች። በሩን ክፍት እየተውኩ ወለሉ ጨቀየ። “ግቢ በናትሽ” እላታለሁ፤ ዞራም አታየኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ምርር አለኝና በርጩማዬን ይዤ ወጣሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ዝናቡ እግሬን ይመታኛል። ቆየት ብላ ጭኔ ላይ ወጣች፤ ሆዷ ኩርር ማለት ጀመረ።

አከራዬ ከደጃቸው ሆነው አዩን። “ቤት አለ፣ ምን ሆናችሁ?” ብለው ጮኹ።

“እሷ አትገባም!” አልኳቸው።

“አንተስ?”

“እኔም ብቻዬን አልገባም” አልኳቸውና እዚያው እየረጠብን ቆየን።