ከሶኬቱ የመጣ ጉርምርምታ

ዓረብ አገር፣ ጉበይራ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ውስጥ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት በሬን ዘግቼ በገና መስማት። መከይፍ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ጠጋኝ ነኝና ሌላውን ቀን ሁሉ ጣሪያ ላይ ከማቀዝቀዣ ሞተር ጋር ስጯጯህ ነው የምውለው። አንድ ያገለገለ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ገዛሁ። ገና ሳበራው፣ በገናው ሳይጀምር፣ ከስፒከሩ ወፍራም ጉርምርምታ ወጣ። በገናም ይነዝራል፤ የሱ ንዝረት ግን ነፍስ አለው። ይሄኛው ሆዱን እንደታመመ ከብት እያቃሰተ የበገናውን ድምፅ ይውጠዋል።

አንድ ወር ታገልኩት። ዲቫይደር ቀየርኩ። ኤሌክትሪክ ያጠራል ብሎ ሻጩ የማለለትን ሳጥን ገዛሁ፤ ጭራሽ ባሰበት። ፍሪጁን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የስልክ ቻርጀሩን ሳይቀር ነቅዬ በሙቀት እየቀለጥኩ አዳመጥኩ። ያው ነው። የአምፕሊፋየሩን ቆርቆሮ ስነካ ጣቴን ይቆነጥጠኝ ነበር። አሮጌ ስለሆነ ነው ብዬ የሸጠልኝን ሰው ረገምኩ።

አንድ ዓርብ ከላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ማቀዝቀዣዋ ውሃ ያንጠባጥባል ብላ መጣች። የአገሬ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት እያጸዳች ትንሽ ሴት ልጇን ታሳድጋለች። ዕቃዬን እስክሰበስብ ቆማ ስትጠብቅ እጇን አምፕሊፋየሩ ላይ አሳረፈችና ቶሎ አነሳችው። ምንም አልደነገጠችም።

“ወንድሜ፣ ይሄም እንደ እኔ ቧንቧ ይነዝራል?” አለችኝ።

የቱ ቧንቧ እንደሆነ ጠየቅኳት። የመታጠቢያ ቤቷ ነው። ልጇን የምታጥባት ውሃውን አስቀድማ በባልዲ ቀድታ፣ የላስቲክ ጫማ አድርጋ እንደሆነ በእርጋታ ነገረችኝ። ለሓሪሱ፣ ለሕንፃው ጠባቂ፣ አመልክታ ነበር። ቤት ሲያረጅ እንዲህ ያደርገዋል ብሏታል።

ቴስተሬን ይዤ ወጣሁ። ጫፉን ቧንቧው ላይ ሳሳርፈው መብራቱ ቦግ አለ። ሥሩ የልጅቷ ትንሽ መቀመጫ ተቀምጣለች።

ከሓሪሱ ጋር ምድር ቤት ወዳለው የመብራት ሳጥን ወረድን። ሲከፍተው የደረቀ በረሮ ረገፈ፤ ሽቦዎቹ በአሮጌ ቅባት ተለጣጥፈዋል። የቀፈፈኝ ግን እሱ አይደለም። የሕንፃው የመሬት ሽቦ፣ የሾለከ ኤሌክትሪክ ሰው ሳይነካ ወደ አፈር የሚያወርደው ወፍራሙ ሽቦ፣ በፒንሳ ተቆርጦ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሓሪሱ አልደበቀኝም። ብሬከሩ በየሰዓቱ እየወረደ ተከራይ ሲያማርር የሕንፃው ባለቤት ወኪል ቁረጠው ብሎት ነው የቆረጠው።

“ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶ አያውቅም። ኸላስ፣ አለቀ” አለኝ፣ ሙያ እንደሠራ ሰው።

ብሬከሩ የሚወርደው አንዱ ቤት ኤሌክትሪክ ስለሚያፈስ ነበር። የሚያፈሰውን ከመፈለግ የሚያስጠነቅቀውን ዝም አሰኙት። ምራቄ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ለወኪሉ ስደውልለት፣ ሳጥኑን የነካ ተከራይ ዕቃውን ይሸክፍ አለኝ። ሓሪሱን ቁልፉን ትተህልኝ ዞር በል አልኩት። ትንሽ አመነታና ሄደ። ዋናውን አጥፍቼ ሽቦውን ቀጠልኩት፤ መልሼ ሳበራ ብሬከሩ ወዲያው ወረደ። በየፎቁ እየዞርኩ የየቤቱን ዕቃ አስነቀልኩ። የጎረቤቴ የውሃ ማሞቂያ ሲነቀል ብሬከሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስፈታው ውስጡ በዝገት ተበልቷል። ከእሱ የሾለከው ኤሌክትሪክ መውረጃ አጥቶ በዚያው በመሬት ሽቦ በኩል እየዞረ እኔ ክፍል ድረስ ይመጣ ነበር። እኔ ሙዚቃዬን አበላሸብኝ እያልኩ የማማርረው፣ ልጅቷ ራስ ላይ የተንጠለጠለውን ሞት ነበር።

ማሞቂያውን ቀየርንላት። ቴስተሩ ቧንቧው ላይ ጨለመ፤ ስፒከሩም ጠራ። የዚያን ቀን ግን በገናውን እስከ መጨረሻው መስማት አልቻልኩም። ኤሌክትሪክ እንጀራዬ ነው። አንድ ወር ሙሉ ጣቴን ሲቆነጥጠኝ ለምን ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ወኪሉን የተጸየፍኩትን ያህል ራሴንም ተጸየፍኩ።

በሳምንቱ ወኪሉ መጣ። የተቀጠለውን ሽቦ አየ፤ ሳጥኑን በአዲስ ቁልፍ ቆልፎ መክፈቻውን ይዞ ሄደ። ነገ ምን እንደሚቆርጥ ማን ያውቃል? የየቤቱን በር አንኳኩቼ ያየሁትን ለሁሉም ነገርኩ። ጎረቤቴንም እንውጣ አልኳት፤ መንሱራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ቤት ፈለግን። ደላላው ክፍሎቹን ሲያሳየን ካቻቢቴ አውጥቼ የመሬት ሽቦ መኖሩን ለማየት ሶኬቱን መፍታት ጀመርኩ። ሰው አታምንም ብሎ ተቀየመኝ።

ይቀየም።